ትተውት የመጡት፦ በአማዞን ጎርፍ ስለሚገናኙ ሁለት እንስሳት

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን አመሻችሁ።

በብራዚል፣ በማናውስ ከተማ ወደብ፣ የወንዙ ከፍታ በየዓመቱ የሚጻፍበት ግድግዳ አለ። ልኬቱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። በ2021 ሰኔ ወር ውኃው የ30 ሜትርን ምልክት አልፎ ወጣ፤ በ2024 ጥቅምት ደግሞ ከ13 ሜትር በታች ወረደ። እነዚህ የክፉ ዓመት ቁጥሮች ናቸው። በደኅናው ዓመትም ቢሆን ግን በሙላቱና በጉድለቱ መካከል አሥር ሜትር ያህል ልዩነት አለ።

አሥር ሜትር ውኃ ሜዳ ላይ ባለ ደን ሲወጣበት ደኑ ያልቅለታል ብለን እናስብ ይሆናል። አያልቅለትም። ዛፎቹ ለወራት ውኃ ውስጥ ቆመው ይከርማሉ፤ ዓሦች በቅርንጫፎች መካከል እየዋኙ የረገፈ ፍሬ ይለቅማሉ። በዚያ ሰሞን አንድ ዛፍ ሁለት ዓይነት እንግዳ ሊያስተናግድ ይችላል። ከላይ ስሎዝ የሚባለው ዘገምተኛ የዛፍ እንስሳ ተንጠልጥሎ ቅጠል ያኝካል፤ ከታች ከሥሩ አጠገብ ስቲንግሬይ የሚባለው ጠፍጣፋ ዓሣ ደለል ለብሶ ተኝቷል።

ዛሬ የማወራችሁ ስለእነዚህ ሁለቱ ነው። አንዱ ዓሣ፣ ሌላው አጥቢ እንስሳ፤ አንዱ መርዘኛ፣ ሌላው ዝንብ የማያባርር የዋህ፤ ምን አገናኝቶ ታወዳድራቸዋለህ ብትሉኝ መልሴ አጭር ነው። ስለ እንስሳት ስናወራ ብዙውን ጊዜ የምንቆጥረው ያላቸውን ነው፦ ጥፍሩን፣ ክንፉን፣ መርዙን፣ ፍጥነቱን። እነዚህ ሁለቱ ግን ዛሬ ላሉበት ኑሮ የበቁት ከአባቶቻቸው የወረሱትን ውድ ነገር በመተው ነው። የተዉትን ካላወቅን ሁለቱንም አናውቃቸውም።

ከስቲንግሬዩ ልጀምር። ቅርጹን በቴሌቪዥን ያላየ አይኖርም፦ ጠፍጣፋ፣ ክብ፣ ጅራቱ ላይ መርዛማ እሾህ ያለው ዓሣ። የሻርክ ዘመድ ነው፤ አጽሙም እንደ ሻርክ ከልም አጥንት የተሠራ ነው። አብዛኞቹ ወገኖቹ የሚኖሩት ባሕር ውስጥ ነው። በደቡብ አሜሪካ ወንዞች ግን ባሕርን ከነጭራሹ የማያውቅ ነገድ አለ፤ ሳይንቲስቶች ፖታሞትራይጎን ይሉታል። ለዛሬ የመረጥኩት ዝርያ ሞቶሮ የሚባለውን ነው። ሙለርና ሄንለ የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን እ.ኤ.አ. በ1841 በሳይንስ ስሙ መዘገቡት። ቡናማ ጀርባው ላይ ዓይን የመሰሉ ብርቱካናማ ነጠብጣቦች በጥቁር ቀለበት ተከበው ተበትነዋል። ስፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ሜትር ያህል ነው።

አሁን የጨው ነገር ይምጣ። ባሕር ውስጥ የሚኖር ዓሣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ችግር አለበት፤ የባሕሩ ውኃ ከደሙ ይልቅ ጨዋማ ስለሆነ ከሰውነቱ ውኃ ይመጥበታል። በውኃ መካከል ሆኖ በጥም መድረቅ ማለት ነው። አጥንታም ዓሦች የባሕሩን ውኃ እየጠጡ ጨውን በስንጥባቸው እያስወጡ ይኖራሉ። ሻርኮችና ስቲንግሬዮች የመረጡት መንገድ ሌላ ነው፤ ደማቸውን በዩሪያ ይሞሉታል። ዩሪያ ለእናንተ እንግዳ አይደለም። ገበሬዎቻችን በኩንታል የሚገዙት ማዳበሪያ እሱው ነው፤ እኛ ደግሞ በሽንት እናስወግደዋለን። እነርሱ ያጠራቅሙታል። ደማቸው በዩሪያ ብዛት ከባሕሩ ጋር ሲመጣጠን ውኃው ከሰውነታቸው መውጣቱን ያቆማል። ትርፉን ጨው የምታስወጣ አንዲት እጢም በአንጀታቸው መጨረሻ ላይ አለች። ይህ የጥንት ውርስ ነው፤ ሻርኮችንና ዘመዶቻቸውን በባሕር ያኖራቸው ትልቁ ሀብት ይኸው ነው።

ወንዝ ውስጥ ነገሩ ይገለበጣል። ደሙ ከወንዙ ውኃ ይልቅ የበለጠ ጨዋማ ስለሆነ ውኃው ወደ ሰውነቱ እየጎረፈ ይገባል። በዚህ ላይ ዩሪያ መያዝ ችግሩን ማባባስ ነው። አሜሪካዊው የእንስሳት ሳይንቲስት ቶማስ ቶርሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተሙት ጥናት የእነዚህን የወንዝ ስቲንግሬዮች ደም ሲመረምሩ ዩሪያው ከቁጥር የማይገባ ሆኖ አገኙት። ለሻርክ ወገን ይህ ያልተሰማ ነገር ነበር።

ብልህ አድማጭ እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ያነሣል፦ ስለማያስፈልጋቸው አስቀምጠውት ከሆነስ? ባሕር ውስጥ ብንከታቸው መልሰው አያጠራቅሙትም ወይ? ቶርሰንም ይህን ጠይቋል። ጨዋማነቱ ቀስ በቀስ በሚጨምር ውኃ ውስጥ አኖራቸው። ከሦስት ዓመት በኋላ ያወጣው ውጤት እንደሚያሳየው ዩሪያ ማከማቸት አልቻሉም። ችሎታው ራሱ ከእነርሱ ጋር የለም። ጨው የምታስወጣዋ እጢም ተመናምና ከስማለች። አባቶቻቸው የመጡበት ባሕር ለእነርሱ ዛሬ ገዳይ ነው።

ይህ ምን ያህል ሥር ነቀል ውሳኔ እንደሆነ የሚታየው ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር ነው። ቡል ሻርክ የተባለው ሻርክ ከአትላንቲክ ተነሥቶ አማዞንን ሽቅብ በመከተል እስከ ፔሩ ድረስ ሲዘልቅ ተይዟል። ወንዝ ሲገባ ዩሪያውን ይቀንሳል እንጂ አይጥልም፤ የመመለሻውን ስንቅ ይዞ የሚሄድ መንገደኛ ነው። በአህጉራችንም በኒጀርና በቤኑዌ ወንዞች የሚኖር ስቲንግሬይ አለ። መጀመሪያ ከደቡብ አሜሪካዎቹ ጋር ተመድቦ ነበር፤ ቶርሰንና አንድ ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ1975 የሰውነቱን አሠራር አይተው ከባሕሮቹ ዘመዶቹ ጋር መልሰው መደቡት። ወንዝ መኖርና የወንዝ መሆን አንድ እንዳልሆኑ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

መቼ መጡ? እዚህ ላይ ተመራማሪዎች ይከራከራሉ። የአንዲስ ተራሮች እየተነሡ በነበሩበት ዘመን፣ ከዛሬ 20 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወዲህ፣ የካሪቢያን ባሕር ወደ አህጉሩ ውስጥ ዘልቆ ገብቶ እንደነበርና ሲመለስ እነርሱን ትቷቸው እንደሄደ የሚያስረዱ አሉ። በፔሩ የተገኙ የጥርስ ቅሪተ አካላት ግን ዘመኑን ወደ 40 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይገፉታል። እኔ ወደ ኋለኛው አደላለሁ፤ ጥርስ አይዋሽም። ያም ሆነ ይህ አንድ ጊዜ ከገቡ በኋላ ወጥተው አልተመለሱም፤ በምትኩ ብዙ ዝርያ ሆነው በየወንዙ ተሠራጩ።

ወንዝ ሲገባ የምግቡም ነገር ይለወጣል። በወንዝ ወለል ላይ እንደ ልብ የሚገኘው የነፍሳት እጭ ነው፤ የነፍሳት ቆዳ ደግሞ ኪቲን በሚባል ጠንካራ ነገር የተሠራ ስለሆነ በቀላሉ አይበጠስም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት ሞቶሮ ይህን እንዴት እንደሚወጣው በፈጣን ካሜራ አሳይቷል። ሲበላ ያየሁት በዚህ ቪዲዮ ብቻ ነው፤ ደጋግሜም አይቼዋለሁ። የስቲንግሬይ አፍ ከሆዱ በኩል ስለሆነ የሚበላውን ዓይኑ አያየውም። እጩ አጠገብ ሲደርስ የሰውነቱን የፊት ጠርዝ ብድግ ያደርጋል። ከሥሩ ክፍተት ይፈጠርና ውኃው እጩን ይዞ ይሳባል። ወዲያው ጠርዙ ወርዶ ከወለሉ ጋር ይገጥማል፤ መውጫ የለም። ከዚያ መንጋጋዎቹ ወደ ውጭ ይወጣሉ፤ ወደ ጎን ይንሸራተታሉ፤ ግራው ሲከፈት ቀኙ ይገጥማል። ሽሪምፕና ዓሣ ሲሰጠው ሥራው ቶሎ ያልቃል፤ የነፍሳት እጭ ሲሆን ግን ያላምጣል፣ ደግሞ ያላምጣል። ወደ ጎን እያንሸራተቱ ማኘክ የአጥቢ እንስሳት ሙያ ነው ተብሎ ሲታሰብ ኖሯል። ይህ ዓሣ ጉንጭ የለውም፣ ምላስ የሚባል ነገርም የለውም፤ ግን ያኝካል።

ከዛፉ ላይ ያለው አጥቢ ደግሞ በጥርስ ረገድ የደኸየ ነው። የስሎዝ ጥርስ በእኛ ጥርስ ላይ ያለው ጠንካራ ነጭ ሽፋን የለውም፤ እየተፋቀ ዕድሜ ልኩን የሚያድግ ጉጥ ነው። ዛሬ የማወራው ስለ ባለ ሦስት ጥፍሩ፣ ጉሮሮው ቡናማ ስለሆነው፣ ከሆንዱራስ እስከ ብራዚል ድረስ ስለሚገኘው ስሎዝ ነው። የሳይንስ ስሙ ብራዲፐስ ቫሪጌተስ ነው። ክብደቱ ከአራት እስከ አምስት ኪሎ ግራም ገደማ ነው።

በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ፈረንሳዊው የተፈጥሮ ታሪክ ሊቅ ቡፎን ስሎዝን ያልተሳካ ፍጡር አድርጎ ነበር ያየው፤ አንድ ጉድለት ቢጨመርበት ኖሮ በሕይወት መቆየት ባልቻለ ነበር ብሎ ጽፏል። መሬት ላይ ሲሳብ ያየው ሰው እንዲህ ቢል አይደንቅም፤ እግሮቹ ሰውነቱን አይሸከሙትም፣ በጥፍሮቹ እየቧጠጠ ይጎተታል። ነገር ግን ቡፎን ሒሳቡን ከተሳሳተ ወገን ነው የጀመረው። የስሎዝ ሒሳብ የሚጀምረው ከቅጠል ነው።

ቅጠል ደካማ ምግብ ነው። ኃይሉ ትንሽ፣ መፈጨቱ ከባድ፣ አንዳንዱም መርዝ አለበት። ቅጠል በልተው የሚኖሩ አጥቢዎች አብዛኞቹ ትልልቆች ናቸው፤ እንደ ላምና እንደ ዝሆን ሰፊ ሆድ ይዘው ይዞራሉ። ዛፍ ጫፍ ላይ ያንን ሆድ ይዞ መውጣት አይቻልም። ትንሽ ሰውነት ይዞ በቅጠል ለመኖር የቀረው መንገድ ወጪን መቀነስ ብቻ ነው። ስሎዝ ያደረገው ይህንን ነው፤ ያውም ያለ ርኅራኄ። በኮስታ ሪካ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ልኬት የዚህ ዝርያ የቀን ወጪ 460 ኪሎ ጁል ያህል እንደሆነ አሳይቷል፤ በእንቅልፍ የሚከርሙትን ትተን ከተለኩት አጥቢ እንስሳት ሁሉ ዝቅተኛው ነው። ይህ ወደ 110 ኪሎ ካሎሪ ይመጣል።

ምን ተወ ብንል ዝርዝሩ ረጅም ነው። የጡንቻው መጠን በእርሱ ልክ ካሉት አጥቢዎች እጅግ ያንሳል። የማያቋርጥ የሰውነት ሙቀት፣ ያ አጥቢዎች ሁሉ የሚኮሩበት ሀብት፣ በከፊል ተትቷል፤ የሰውነቱ ሙቀት ከአየሩ ጋር ይወጣል ይወርዳል፣ ሲበርደው እንደ እንሽላሊት ፀሐይ ይሞቃል። ቀለም የሚለዩት የዓይን ሕዋሳቱ ጠፍተዋል። የበላው ቅጠል ብዙ ክፍል ባለው ጨጓራው ውስጥ እየተብላላ ብዙ ቀናት ይቆያል። የጨመረው ነገር ቢኖር የአንገት አጥንት ነው፤ ከሰው እስከ ቀጭኔ ሁሉም አጥቢ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ሰባት ሲኖረው እርሱ ስምንት ወይም ዘጠኝ አለው። ስለዚህ ሌላ ሰውነቱን ሳያንቀሳቅስ ራሱን ብቻ አዙሮ ወደ ኋላው ያያል። ይህም ያው ቁጠባ ነው።

ስንፍና የሚለውን ስም ያተረፈለት ደግሞ እንቅልፉ ነው። በእንስሳት ማቆያ ያሉት በቀን 16 ሰዓት ያህል እንደሚተኙ ተመዝግቦ ነበር። በፓናማ ደን ውስጥ ያሉ ስሎዞች ጭንቅላት ላይ ትንሽ የአንጎል መመዝገቢያ ተገጥሞ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ውጤት ግን ከአሥር ሰዓት ያነሰ ሆነ። በዚያ መጠን ሰነፍ የምንባል ብዙዎቻችን ነን።

በዚህ ሁሉ ቁጠባ መካከል አንድ ግራ የሚያጋባ ወጪ አለ። ባለ ሦስት ጥፍሩ ስሎዝ በሳምንት አንድ ጊዜ ያህል ዓይነ ምድር ለመውጣት ከዛፉ ይወርዳል። ግንዱን እንዳቀፈ በአጭር ጅራቱ አፈሩን ቆፈር አድርጎ ይጸዳዳል፤ ከዚያ ቅጠል ሸፈን አድርጎበት ቀስ ብሎ ይወጣል። መሬት ለእርሱ አደገኛ ቦታ ነው። ለምን ከላይ ሆኖ አይለቀውም? እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ የተመራማሪዎች ቡድን ይህን መልስ አቀረበ፦ በስሎዙ ፀጉር ውስጥ የእሳት እራቶች ይኖራሉ፤ ስሎዙ ሲወርድ እንቁላላቸውን በፋንድያው ላይ ይጥላሉ፤ የተፈለፈሉት ወደ ፀጉሩ ይመለሳሉ፤ በፀጉሩ ውስጥ ሲሞቱ ናይትሮጂን ይጨምራሉ፤ በዚያም አረንጓዴ አልጌ ይበቅላል፤ ስሎዙ አልጌውን ይበላል። አልጌው በሆዱ ውስጥም ተገኝቷል። ውብ ታሪክ ነው፤ እኔ ግን ሙሉ በሙሉ አልተዋጠልኝም። ከፀጉር የሚገኝ ጥቂት አልጌ በየሳምንቱ ሕይወትን ለአደጋ የሚያሰጥ ምክንያት ይሆናል ብሎ ማመን ይከብደኛል፤ ሽታን ትቶ ከሌሎች ስሎዞች ጋር መነጋገር ነው የሚሉትም አሉ። አረንጓዴው ቀለም ግን ሌላ ጥቅም እንዳለው ይታመናል፤ ከላይ ሃርፒ የተባለው ግዙፍ ንስር ሲያንዣብብ፣ የማይንቀሳቀስና ቅጠል የመሰለ ነገር በቀላሉ ዓይን አይገባም።

ልጅ አስተዳደጋቸው ላይ ብዙ አልቆይም፤ አንድ ነገር ብቻ። ሁለቱም ልጃቸውን በሕይወት ይወልዳሉ፣ ሁለቱም በራሳቸው መንገድ ይመግባሉ። ስሎዝ አንድ ልጅ ወልዳ ደረቷ ላይ ይዛ ታጠባለች። ስቲንግሬይዋ ደግሞ በማህፀኗ ግድግዳ ላይ ካሉ ክር መሳይ እጥፋቶች ወተት የመሰለ ፈሳሽ እያመነጨች ፅንሶቿን ከመወለዳቸው በፊት ታበላለች። ዓሣ ናትና አጥቢ አትባልም፤ የምድብ ስም እንዲህ ያለውን ነገር አይይዝም።

ወደ ጎርፉ እንመለስ። ውኃው ሲሞላ ለስሎዝ መከራ ይመስላል፤ እውነቱ ተቃራኒው ነው። መሬት ላይ የሚጎተተው እንስሳ ውኃ ውስጥ ጥሩ ዋናተኛ ነው። በረጃጅም እጆቹ እየቀዘፈ ከዛፍ ወደ ዛፍ ይሻገራል፤ በሆዱ ውስጥ የሚብላላው ቅጠል የሚፈጥረው ጋዝም እንዲንሳፈፍ ሳይረዳው አይቀርም።

በዚህ ነገር ላይ የፔሩ በረሃ የሚነግረን አለ። ፒስኮ በሚባለው የባሕር ዳርቻ አሸዋማ ድንጋይ ውስጥ ታላሶክነስ የተባለ የጠፋ ስሎዝ ቅሪተ አካል ተገኝቷል። ክርስቲያን ደ ሙይዞንና ግሬግ ማክዶናልድ እ.ኤ.አ. በ1995 ለዓለም አስተዋወቁት። ይህ ስሎዝ ባሕር ይገባ ነበር። ከስምንት ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ በተከታታይ የኖሩ ዝርያዎቹ አጥንት እየከበደና እየጠጠረ መጣ፤ ከባድ አጥንት ወደ ታች ለመስመጥና ወለል ላይ የባሕር ሣር ለመጋጥ ያገለግላል። ከዚያ ጠፋ። የፓናማ ልሳነ ምድር ተዘግቶ የባሕሩ ሁኔታ ሲለወጥ የሚበላው ሣር ሳያልቅበት እንዳልቀረ ይገመታል። አስቡት፤ በአንዱ አህጉር የባሕር ዓሣ ወደ ወንዝ ገብቶ ተሳክቶለታል፣ የምድር ስሎዝ ወደ ባሕር ገብቶ ሚሊዮን ዓመታት ከኖረ በኋላ መንገዱ ተዘግቶበታል። ሁለቱም ያላቸውን ትተው ነው የሄዱት፤ የአንዱ ወንዝ አለ፣ የሌላው ሣር የለም።

ስለ ስቲንግሬዩ አንድ ነገር ላክል፤ መርዙን ብቻ ለሚያውቁት። በጀርመን የቦን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሞቶሮን ሒሳብ አስተምረዋል። ሰማያዊ ቅርጾች ያሉበት ካርድ ሲያይ አንድ መደመር፣ ቢጫ ሲሆን አንድ መቀነስ አለበት። ሦስት ሰማያዊ ካየ አራት ያለበትን በር መርጦ ይገባል። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። ሁሉም አልተማሩም፤ የተማሩት ግን ከአንድ እስከ አምስት ባለው ቁጥር ውስጥ አዲስ ጥያቄም መለሱ። ወንዝ ግርጌ የተኛ ዓሣ ይህ ችሎታ ለምን እንዳስፈለገው እስካሁን ግልጽ አይደለም።

በመጨረሻም ስለ ሰው። በብራዚልና በፓራጓይ ድንበር በፓራና ወንዝ ላይ ሰባቱ ፏፏቴዎች የሚባሉ ታላላቅ ፏፏቴዎች ነበሩ። ስቲንግሬዮች ከፏፏቴዎቹ በታች ይኖሩ ነበር፤ ወደ ላይ መውጣት አይችሉም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ የጣናን የባርቡስ ዓሦች ከታችኛው ዓባይ ለይቶ የራሳቸው ዝርያዎች እንዲሆኑ እንደረዳቸው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 የኢታይፑ ግድብ ውኃ መያዝ ሲጀምር ፏፏቴዎቹ በውኃ ተዋጡ። ደረጃው ጠፋ፤ ሞቶሮና ዘመዶቹ ዋኝተው ወደ ላይኛው ፓራና ወጡ። በዚያ ያሉ ሰዎች ስቲንግሬይ ምን እንደሆነ አያውቁም ነበር፤ አጥማጆችና በወንዙ ዳር የሚዋኙ ሰዎች መወጋት ጀመሩ።

የአማዞን ወንዝ ዳር ሰዎች ይህን ከልጅነት ጀምሮ ያውቁታል። ጥልቀት በሌለው ውኃ ሲራመዱ እግራቸውን አያነሡም፣ ወለሉን እያንሸራተቱ ይሄዳሉ፤ አንዳንዶች በዱላ ፊት ፊቱን ይነካካሉ። ዓሣው ሲነካ ይሸሻል፤ የሚወጋው ከተረገጠ ነው። እሾሁ በግራና በቀኝ ወደ ኋላ የዞሩ ጥርሶች ስላሉት ሲገባ ከወጋው ሲወጣ የባሰ ይቀድዳል፣ መርዙም በቁስሉ ውስጥ ይቀራል። ሥቃዩ ኃይለኛ ነው። መጀመሪያ የሚደረገው እግሩን ሰው ሊችለው በሚችለው ሙቅ ውኃ፣ በ45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ፣ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል መዘፍዘፍ ነው፤ ሥቃዩ ለብዙዎች በዚህ ይቀንሳል። ነገር ግን በቁስሉ ዙሪያ ያለው ሥጋ ሊበሰብስና ለመዳን ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል፣ የተሰበረ የእሾህ ቁራጭም ውስጥ ሊቀር ስለሚችል፣ ሐኪም ማየቱ ግድ ነው። አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።